ግፊት

ይሄ ውሃ ደክሞታል።
ቂርያት ማላኺ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ደረጃ እንደወጣ ሽማግሌ እያለከለከ ይደርሳል፤
ከሻወሩ ራስ በሦስት ክር ይወርዳል፦
አንዱ ወደ ግድግዳ፣ አንዱ ወደ መጋረጃ፣
አንዱ ብቻ ወደ እኔ ያዘነብላል።
ቀኑን ሙሉ በማቀዝቀዣ መጋዘን ካሮት ስደረድር ውዬ
ሳሙናው ጀርባዬ ላይ እንደ ኖራ ይደርቃል።

እናቴ ደግሞ የደም ግፊት አለባት።
ነርሷ በየወሩ ክንዷን አስራ ትነፋለች፤
«ከፍ ብሏል፣ ይመኙሻል፣ ጨው ቀንሺ» ትላለች።
ቢሆንልኝ ከእሷ ቀንሼ ለቧንቧው በጨመርኩ፣
ሁለቱንም በአንድ ቀን በፈወስኩ።

ሰንበት ስትወጣ፣ ሦስት ኮከብ ቆጥሬ፣
ፒንሳዬን አነሳሁ።
ውሃ ድንጋይ ይበሳል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤
የዚህ አገር ውሃ ግን ድንጋይ ይወልዳል፣
በማንቆርቆሪያው ሆድ፣ በቧንቧው አፍ
እንደ ሕፃን ጥርስ ይበቅላል።
ፌስታል ውስጥ አቼቶ ሞላሁ፣
የሻወሩን ራስ ነክሬ አፉን በላስቲክ አሰርኩ፤
ቤቱ ሌሊቱን ሰላጣ ሰላጣ ሲሸት አደረ።
ጠዋት ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመርፌ ወጋሁ፤
አርባ ስምንት ናቸው፣ ቆጥሬያለሁ።
መልሼ ገጠምኩ። ከፈትኩ።
አራት ክር።

ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ የፍሬሃን በር መታሁ።
«የእኔ ጤነኛ ነው፣ ግባና እይ» አለችኝ።
ገብቼ አየሁ፤
ውሃዋ እንደተቆጣ ሰው ይናገራል።
ሰው በውሃ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

አልቤር የሚሉት ቧንቧ ሠራተኛ መጣ፤
ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረ፣ እንደ ሐብሐብ አዳመጠ።
«ይፍረስ» አለ። «ሁለት ሺህ ሸቅል፣ ንጣፉን ሳይጨምር።»
እናቴ ሻይ ቀዳችለት፣ ስኳር ሦስት ማንኪያ፣
አንድ ቃል አልወጣትም፤
ዓይኗ ብቻ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄዶ
ቶሎ ተመለሰ።

ማታ፣ እሷ ስትተኛ፣ ማጠቢያውን ጎትቼ አወጣሁ።
ከኋላው አቧራ፣ የአንድ እግር ካልሲ፣
ባዶ ባልዲ፣ ጆግ፣
ከነዚያም ጀርባ ሳራቺኔስካው፣
ከግማሽ በላይ ተዘግቶ፣
እጀታው በጨርቅ ተጠፍንጎ።
ጨርቁን አውቀዋለሁ። የድሮ መቀነቷ ጫፍ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች በሩ ላይ ቆማ።
«ያን ዓመት ሬድዮው በአማርኛ ሲናገር፣
ኪኔሬት ጎደለ፣ ከቀዩ መስመር ወረደ፣
ሁሉም ከቤቱ ይቆጥብ ሲል፣
ለዚህ አገር ሌላ ምን ልሰጠው? ዘጋሁት።»
«እማ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት ዘነበ! ሞልቶ ነበር እኮ!»
«ዝጉ ያለው ሬድዮ ክፈቱ አላለኝም።
እኔስ በጆግ እታጠባለሁ፤
አንተ ዝም ስትል ደግሞ፣ በቃው አልኩ።»

ቋጠሮው ጠብቆ በጥርሴ ፈታሁት።
እጀታውን አዞርኩ።
ግንቡ ውስጥ አንድ ነገር ሳለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ መጣ፤
መጀመሪያ ቀይ ዝገት፣
ቀጥሎ ነጭ፣ ቀጥሎ ድምፅ ብቻ።
በማግስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ጮኸች፦
«ጫኔ! ይማታል! ያዝልኝ ይሄን ሰውዬ!»

ሩብ ዙር መለስኩለት።
ጨርቁንም አሰርኩበት፣ ላላ አድርጌ፤
ሩቧ ለኪኔሬት ትሁን ብዬ።

በወሩ ነርሷ ክንዷን አስራ ነፋች።
ያው ነው። ከፍ ብሏል።